ሳይሞላ የሚነሣው አውቶቡስ

ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ወንድሜ ባዳቾ ቦልቴ ሲያርፍ፣ አረካ ላይ ለተሳፋሪ መጠለያ ብሎ የጀመረው ቤት ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ ጣራ ግን አልነበረውም።

በወጣትነቱ አዋሽ ላይ ለምድር ባቡር ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ኖሯል። ስንት ዓመት እንደ ሠራ የሚናገር ሰነድ አላገኘሁም፤ እሱም ሲጠየቅ «ወገቤ ያውቃል» ይል ነበር። ከዚያ ይዞት የተመለሰው አንድ ሐሳብ ነው፤ ባቡር ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል፣ ሰውም ይህን አውቆ ኑሮውን ያሰናዳል። በእኛ አገር መኪና የሚነሣው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ሶዶ ፍርድ ቤት ወይም ሐኪም ዘንድ ጉዳይ ያለው የአረካ ሰው፣ መኪና እስኪሞላ ሲጠብቅ ይውልና ሶዶ ያድራል።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ባዳቾ በአረካና በሶዶ መካከል በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ባለቤቱን አቶ ሐብተማርያምን ለምኖ፣ አውቶቡሱ ሞላም አልሞላ ንጋት ላይ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንዲነሣ አስፈቀደ።

«እስከ ጊፋታ ልይልህ» አሉት፤ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። «ሰው ካልለመደው መኪናዬን ወደ ሻሸመኔ መንገድ አዞራለሁ።»

ሰው አልለመደውም። ዕቃውን መቀመጫ ላይ አኑሮ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ዕቃው ካለ መኪናው ይጠብቃላ! የቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጥሩነሽም እንዲሁ አደረጉ። አውቶቡሱ ቅቤያቸውን ይዞ፣ እሳቸውን ትቶ ሄደ። በእግራቸው ሶዶ ሲደርሱ ገበያው ሊበተን ነበር።

«አንተ ባቡር ያሳበደህ! ቅቤ አሳፍረህ ሰው ትተዋለህ?»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ቅቤዎ በሰዓቱ ገብቷል። ጥላ ሥር ነው፤ አልቀለጠም።»

«እኔ ነኝ የቀለጥኩት!»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። ወሬው እስከ ቦምቤ ደረሰ፤ አውቶቡሱም «ቅቤ ብቻውን የሚሳፈርበት» ተባለ። ሰው ግን ፈራ፤ ሲፈራም ማልዶ መምጣት ጀመረ። ጊፋታ ሲቃረብ ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው የዘገየውን ሲሰድቡ ይሰማ ነበር። አቶ ሐብተማርያም መኪናቸውን አላዞሩም። አስተማሪው፣ ባለጉዳዩ፣ ሕመምተኛው ሶዶ ውሎ ማታ ቤቱ መግባት ቻለ።

ድካሙ የባዳቾ ሆነ። ሰው ሰዓቱን ካመነው በኋላ እሱ ሊታመም እንኳ አልቻለም። ክረምት ጭቃ ውስጥ መኪና ሲገፋ፣ በጋ አቧራ ሲውጥ እግሩ አበጠ። «ነገ እንኳ ቅር» ስለው «ሰው ቆሞ ይጠብቃል» ይለኝ ነበር፤ ዓይኑን ሳይገልጥ።

በሕይወቱ የመጨረሻ ቀን ከሶዶ ሲመለስ፣ ዓይናቸውን የሚያማቸው አሮጊት ወይዘሮ ሳህሊቱ ያዘዙትን የዓይን መድኃኒት ይዞ መጣ። ቤታቸው ከመንገዱ ርቆ ዳገት ላይ ነው። እያረፈ ወጣና በእጃቸው ሰጣቸው። በዚያው ሌሊት አረፈ።