የቅዳሜው ቱቶሪያል ምስክርነት

ሰውዬውን ዛሬም ነቀምቴ ውስጥ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። ሰላምታዬን እንኳ እሰስትበታለሁ።

ሂሳብ ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዓመት ሳለን የሴቶችን ቱቶሪያል የሚሰጠን እሱ ነበር። መስጠት ከተባለ! ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ አቴንዳንስ ያስፈርመናል፣ አንድ ያረጀ የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ ሰሌዳው ላይ ይገለብጥና «ይቺን ሸምድዱ፤ ለእናንተ ትበቃለች» ብሎ እብስ ይላል። ለእናንተ! ደሜ ይፈላ ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ የመጣች ልጅ ናት። ሪል አናሊሲስ የሚባለውን የሂሳብ ኮርስ አንዴ ወድቃ እየደገመች ነበር፤ አሁንም ከወደቀች መባረር ነው። እሷ ደግሞ ሸምድጂ ስትባል የምር ትሸመድዳለች። ከሕፃንነቷ ቸርች ውስጥ ጥቅስ በቃሏ ስትወጣ ያደገች ልጅ፣ የሂሳቡንም ማረጋገጫ እንደ ጥቅስ ነበር የያዘችው። ኤፕሲሎንን አንስቼ ሌላ ፊደል ስተካባት ድርቅ ትላለች። «አንቺ ልጅ፣ ጥቅስ አይደለም እኮ!» እያልኩ ስንቴ ጮኼባታለሁ። እሱ እብስ ሲል ጠመኔውን እኔ አነሳለሁ። በአማርኛ ያልገባትን በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛም እምቢ ያለውን በእጄ አየር ላይ እየሳልኩ፣ እየተጣላን እየታረቅን፣ በመጨረሻ ነገሩ ገባት። ሚድ ፈተና ላይ ከወንዶቹ ሁሉ በለጠች። የቀረው ፋይናሉ ነው። ፋይናሉን የሚያርመው ደግሞ እሱ ነው።

ፋይናል ሊደርስ ሲል ትምህርት ክፍሉ ስለ ቱቶሪያል ሴሚናር አዘጋጀ፤ ከሌሎች ግቢዎች እንግዶች መጡ። አቅራቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ! የጓደኛዬን የሚድ ውጤት በፕሮጀክተር አሳየና «የድካሜ ፍሬ» አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ከዚያ ቸርች ውስጥ ያለ ይመስል «እስቲ ተነሺና ምስክርነት ስጪ» አላት። የእኔ ቤተሰብ ከጎጃም የመጣ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሰው መሀል ተነስቶ መመስከር አላውቅበትም። ያን ቀን ግን አማረኝ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ልነሳ ስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ማሎ፣ ማሎ» ብላ በኦሮምኛ ለመነችኝ በሹክሹክታ፤ «በእናትሽ፣ ዝም በይልኝ።»

ተነሳች። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይታክቱ ስላስተማሩን ጌታ ይባርክዎ» አለች። ከኋላ አንዳንዶች «አሜን» አሉ። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ትሑት መሆኑ ነው እንግዲህ! ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ጓደኛዋ አይደለሽ?»

ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል። የምናገረው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሮ እየጠበቀ ነበር፤ አንዱን ቃል ብለቅ የምትባረረው ግን እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ተነሳሁ።

«እሷ እንዳለችው ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። ለእኔም አጨበጨቡልኝ።

ፋይናሉን አለፈች። በዓመቱ ከእኛ በታች ያሉት ሴቶች ቱቶሪያል፣ ውጤታማ መምህር ነው ተብሎ፣ ለእሱው ተሰጠ።