ይቀመጡ፣ ኩርባ ነው

ሮስቪታ ክላፕሮት መቀመጥ አይሆንላትም። ጎረቤቴ ከሆነችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቁራሽ የፕለም ኬክ ወንበር ላይ ሆና ስትጨርስ አይቻት አላውቅም። ግማሹን ትጎርስና ትነሳለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ወንዙን ታያለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «ይህችን ሴት ቆማ አገባኋት፤ ቆማ ትቀብረኛለች» ይል ነበር። እንዳለውም ሆነ።

እሱ ካረፈ በኋላ ሸክላ ፋብሪካ ገባች፣ ተወችው። ዳቦ ቤት ገባች፣ እሱንም ተወችው። በመጨረሻ የሚበጃት የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መሥራት ሆነ። በከተማችን የሚያልፈው መንገድ የተረት መንገድ ይባላል፤ ከሃናው ተነስቶ ጫካውንና የቬዘርን ወንዝ ተከትሎ ብሬመን ይደርሳል። በየደረሰበት አንድ ግንብ ወይም አንድ የውኃ ጉድጓድ አያጣም፤ ግንቡም ጉድጓዱም ተረት አለው። ሮስቪታ በጋ በመጣ ቁጥር ቀይ ቀሚስና ነጭ ሽርጥ ለብሳ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጣ፣ በአውቶቡስ ለሚጓዙ ጎብኚዎች ተረት ታወራለች። አውቶቡሱን የሚነዱት አቶ ኤቫልድ ሎህማን ናቸው።

አቶ ሎህማን ዝምተኛ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የምትወጣው ይህች ብቻ ናት፦

«ወይዘሮ ክላፕሮት፣ ይቀመጡ፣ ኩርባ ነው።»

«አመሰግናለሁ አቶ ሎህማን፤ እርስዎ ይንዱ» ትላቸዋለች። አትቀመጥም።

እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ እሷ ለቋሊማቸው ሰናፍጭ ታቀብላቸዋለች፣ እሳቸው ጉልበቷን ሲያማት ወደ አውቶቡሱ ለመውጫዋ የእንጨት መርገጫ ሠርተውላታል። ከ«እርስዎ» ግን አልወጡም። በእኛ ዘንድ «እርስዎ» እንዲሁ አይጣልም። አንዱ «ከዛሬ ጀምሮ አንተና አንቺ እንባባል» ማለት አለበት። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተቆላልፎ አንዳንድ መለኪያ መጠጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። እኔና ሮስቪታ በተዋወቅን ሰሞን ደረጃው ላይ ጠጥተነዋል። እኔ አስነጥሶኝ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ለምን አትጀምሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«አብደሻል? በሁለት ዓመት ይበልጡኛል እኮ! ይህን መጀመር የታላቅ ነው።»

«ባይጀምሩስ?»

«አልፈለጉማ!» ብላ ተነሳችና መስኮቱን ከፈተች።

በሽርጧ ኪስ ግን ትንሽ የፕለም አረቄ ጠርሙስ ትይዛለች። አልነገረችኝም። ሽርጡን የምጠግንላት እኔ ነኝ፤ የጠርሙሱ ቅርጽ ጨርቁ ላይ ወጥቷል።

ባለፈው መከር አቶ ሎህማን ጡረታ የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ከመጨረሻው ጉዞ በኋላ ሰሜን ባሕር ጠረፍ፣ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሮስቪታ የቤቴን በር ደበደበች።

«ተነሽ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ብሬመን ስንደርስ እጄን ጨብጠው ‹ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሮ ክላፕሮት› ካሉኝ እዚያው ድርቅ ብዬ እቀራለሁ።»

«እኔ ምን ላደርግልሽ?»

«ምንም። ከኋላዬ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እሷ ግን ከወትሮው ባሰባት። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ጫካ ውስጥ መሽቶበት የከሰል አክሳይ በር ያንኳኳውን ንጉሥ ተረት ትጀምርና መስታወቱ ውስጥ አቶ ሎህማንን ስታይ ይጠፋባታል። ከሳክሶኒ የመጣ አንድ ወፍራም ጎብኚ ሳቀባት።

«እመቤቴ፣ ንጉሡ ከቅድም ጀምሮ በር ላይ ተገትሯል። አያስገቡትም እንዴ?»

«እሺ፣ ገባ! ከሰል አክሳዩም፣ ‹አንተ፣ እሳቱ ዳር ተቀመጥ› አለው።»

«ንጉሥን አንተ?»

«ተረት ውስጥ እርስዎ የሚባል የለም ጌታዬ። ተኩላውም አንተ ነው፣ ዓሣውም አንተ ነው፣ ንጉሡም አንተ ነው። እርስዎ ያለው እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ሎህማን ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም፤ ጆሯቸው ግን ቀላ።

መንገዱ ወደ ወንዙ ሲያቆለቁል አንዲት ሚዳቋ ከጥሻው ተወርውራ ፊታችን ወጣች።

«ሮስቪታ! ተቀመጪ!»

ፍሬኑ ጮኸ። ሮስቪታ ከነድምፅ ማጉያዋ ጭኔ ላይ ወደቀች። ሚዳቋዋ ተሻግራ ገደሉ ውስጥ ጠፋች። አቶ ሎህማን አውቶቡሱን ዳር አቆሙት፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ወይዘሮ ክላፕሮት... ይቅርታ ያድርጉልኝ። አመለጠኝ። እንደዚያ ልጠራዎት አይገባኝም ነበር።»

ደግ አስተዳደግ ያላት ሴት ለዚህ የምትመልሰው የታወቀ ነው፦ «ምንም አይደለም፣ አቶ ሎህማን።» እንዲያ ካለች በሩ ተዘጋ። ከንፈሯ ለዚያ መልስ ሲሰናዳ አየሁት። እጇ ኪሷ ውስጥ ገባ።

«ምን አጠፋህ?» አለች።

አንዲት «ህ» ብቻ። አቶ ሎህማን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ እኮ እርስዎን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ወንድ አይጀምርም፣ የሴት ነው ብለው ነው ያሳደጉኝ።»

«የታላቅ ነው!»

«የሴት ነው!»

«ትበልጠኛለህ እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ሁለቱም ልክ ነው» አለ የሳክሶኒው ሰው ከኋላ፤ «ብቻ ንጉሡ አሁንም እሳት ዳር ቁጭ ብሏል።»

ሮስቪታ ጠርሙሱን አውጥታ ክዳኑን መፍታት ጀመረች። አቶ ሎህማን መዳፋቸውን ከላዩ አደረጉበት።

«እየነዳሁ ነው። ብሬመን ስንደርስ።»

«እስከዚያ ሐሳብህን ብትቀይርስ? ደግሞ ነገ እህትህ ጋ ነህ።»

«እህቴ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር አላት፤ ትመጫለሻ።»

«እኔ ወንበር ምን ያደርግልኛል!»

«እሱን አየዋለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ መሪው ተመለሱ። ሞተሩን ሲያስነሱ በመስታወቱ አዩዋት። «አሁን ተቀመጪ፣ ኩርባ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠች። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯ የአውቶቡሱን ወለል ሲመታ፣ እስከ ብሬመን ድረስ አልተነሳችም። ተረቱንም የሚጨርሰው አልተገኘም።