ካፒቴኗ ከተራራው የወረዱበት ቀን

ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ሰፈራችን ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ የቱቦውን ገመድ ይፈታል። ገመዱ ሁልጊዜ እንደራሰ ነው። የናፍጣው ጭስና የእርጥቡ ገመድ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ጀሪካን ይዤ ወረፋ መቆሜን እረሳዋለሁ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች «ኧረ ወንድሜ፣ ተራመድ እንጂ፤ እዚሁ ልታድር ነው?» ይሉኛል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ላሊበላ አይደለሁም። ዶሚኒካ በምትባል የካሪቢያን ደሴት፣ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ቆሜ፣ የሰው ስልክ ይዣለሁ።

ነገሩን ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም። የሰሙትም ሁሉ «ደግ አደረግህ» ስላሉኝ ማውራቱን ተውኩት። አንተ ግን ባሕር ምን ይመስላል ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ ባሕር ያን ቀን ትቼ መናገር አልችልም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ወጥቼ፣ እንግሊዝኛዬን አሻሽዬ አስጎብኚ ሆኜ ነበር። ያን ጊዜ እንግዳ እንደ አሁኑ ብርቅ አልነበረም። አንድ ጥር ላይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ፈረንጅ መጡና ስምንት ቀን በእግር ላስታን አዞርኳቸው። ከብልባላ ስንመለስ ጉልበታቸው አብጦ በቅሎ ባቀርብላቸው «በቅሎዋ ከእኔ ይልቅ ደክማለች» ብለው እምቢ አሉ። ግትር ነበሩ። ግትር ሰው እወዳለሁ፤ ቢያንስ የት እንደቆመ ታውቃለህ። በመጨረሻው ቀን ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ፣ ከጣራው ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል እያዩ ብዙ ቆዩና ባለ ሸራ ጀልባ እንዳላቸው፣ ብቻቸውን መንዳቱ ግን እየከበዳቸው እንደመጣ ነገሩኝ። «ተራራ ያላደከመህን ባሕር አያደክምህም» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰው ጠሩኝ። አባቴ መስቀላቸውን አሳልመውኝ «ባሕር መቃብር የለውም፤ ተጠንቀቅ» ብቻ አሉኝ።

ካፒቴን ብዬ እጠራቸው ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

ተራራ የለመደ እግር ለባሕር ምንም እንደማይረዳ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የጀልባዋን ጠርዝ ታቅፌ አስመለስኩ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ላስታ ተወልዶ በማስመለስ መሞት ምን የሚሉት አሟሟት ነው እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር። ካፒቴኗ ዝንጅብል እያስቆረጠሙኝ የገመድ አያያዝ አስተማሩኝ። መዳፌ ተልጦ ጨው ሲገባበት ያቃጥለኝ የነበረው አሁን ሳወራህም ይሰማኛል። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ መሬቱ ከመታየቱ በፊት ሽታው መጣ፤ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል። ቀጥሎ ጉሙ ተገፈፈና ተራራው ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጫፉ ደመና ለብሷል፣ ጎኑ ገደል ነው፣ ገደሉ ላይ ፍየሎች አሉ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ባሕር ውስጥ የገባ መሰለኝና አለቀስኩ። ካፒቴኗ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ቀረብ ስንል ግን ሌላ ነበር። ክፉ ዐውሎ ነፋስ መትቶት ያለፈ አገር ነው። ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው ተገንጥሎ ግንዳቸው ብቻ ቆሟል፤ ብዙው ቤት ቆርቆሮው ተወስዶ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል፤ ወደቡ ዳር አንዲት መርከብ በጎኗ ተጋድማ ዝጋለች። የሰዉ ሰላምታ ሞቅ ያለ ነው፤ ስለ ነፋሱ ሲያወራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛም ስለ ክፉ ቀን ስናወራ እንደዚያው ነን።

ካፒቴኗ ባልም ልጅም የላቸውም። ያላቸው አንድ ታላቅ ወንድም ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱባቸው ያሳደጓቸው፣ ጀልባ መንዳትም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ይደዋወሉ ነበር። ወንድምየው ልባቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ቢሆንም በስልኩ ውስጥ ሲስቁ እኔ ድረስ ይሰማል። ካፒቴኗ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው የትንሽ ልጅ ፊት ይሆናል።

በደሴቲቱ ተራራ ላይ የሚፈላ ሐይቅ አለ። ካፒቴኗ እሱን ሳላይ አልሞትም ብለው ከአገሬው መንገድ መሪ ጋር ጎህ ሲቀድ ወጡ። መንገዱ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔ ጀልባዋን ልጠብቅ ቀረሁ። ከዚያ በፊት አንድ ስልክ ውሃ በልቶባቸው ስለነበር የያዙትን እኔ ጋ ተዉት። «ከተደወለ አንሣው» አሉኝ።

ረፋዱ ላይ ተደወለ። የወንድማቸው ልጅ ናት። ከተናገረችው አንድም ቃል አላመለጠኝም። «አባቴን በጣም አሟቸዋል። አክስቴ እንደተመለሱ ወዲያው ይደውሉ። ድምፃቸውን መስማት ይፈልጋሉ» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። እሺ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እኔም አለቀስኩ። ሰውየው ሞተዋላ።

አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ ታውቀዋለህ። እኛ ዘንድ ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። አያቴ የሞቱ ጊዜ ደሴ ነበርኩ፤ የተባልኩት «ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩህ ይፈልጋሉ» ነው። ስደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አጎቴም እንዲሁ፣ የክርስትና እናቴም እንዲሁ። አሟቸዋል የተባልኩት ሰው ሁሉ ተቀብሮ ነው የጠበቀኝ። ታዲያ ያቺ ልጅ እያለቀሰች በጣም አሟቸዋል ስትለኝ ሌላ ምን ላስብ? ሰው የታመመውን ታመመ፣ የሞተውን ሞተ የሚልበት አገር ሊኖር እንደሚችል በሐሳቤ እንኳ አልመጣም።

ለሞተ ሰው ደግሞ ምን ያስቸኩላል? የሚታሰበው ለቆመው ነው። ከተራራ የወረዱ፣ የራባቸው፣ ዘመድ አጠገባቸው የሌለ አሮጊት በምሽት መርዶ አይነገራቸውም። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሲነጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው መርዶ የሚነገረው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ልጅቷ ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ መልሳ ደወለች። አላነሣሁም። በመጨረሻ የስልኩን ድምፅ አጠፋሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ካፒቴኗ ወረዱ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታሉ፣ ደስ ብሏቸዋል። በትንሿ የጎማ ጀልባ ተሻግሬ አመጣኋቸው።

«የደወለ አለ?»

«የለም» አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠብኩላቸው። «ዛሬ ምን ሆነሃል?» ብለው ሳቁብኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር እናቴ በቋጠረችልኝ በርበሬ ምስር ወጥ ሠርቼ ነበር የጠበቅኳቸው። ሐይቁ ገደል ውስጥ እንደ ድስት ሲንተከተክ ማየታቸውን፣ መንገድ መሪው ከበታቹ ባለው ፍል ውሃ እንቁላል ቀቅሎ እንዳበላቸው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ አወሩኝ። «ስለ ጾምህ አልነገርኩትም፤ ብነግረው አልቀቅልም እንዳይለኝ» ብለው ሳቁ። ሳህናቸው ጎደል ሲል ጨመርኩላቸው። አሁንም ጨመርኩላቸው። «እሁድ ለወንድሜ ነግሬው አስቀናዋለሁ» አሉ። እኔ ዕቃውን ማጠብ ጀመርኩ። ዝናብ ጣለ፣ እሳቸውም ቶሎ ተኙ።

ሲነጋ ወደቡ ጋ ወጣሁ፤ ያለ ሽማግሌ አይሆንማ። ጀልባ የሚጠብቁትን አዛውንትና ዳቦ የሚሸጡትን ሴትዮ አብረውኝ እንዲያረዱ ለመንኳቸው። ሴትዮዋ «መቼ ነው የሰማኸው?» አሉኝ። ትናንት ረፋድ ስላቸው ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው አዩኝ። ከዚያ «እንሂድ» አሉ፤ ዳቦውን የሚጠብቅላቸው ሰው እንኳ አልፈለጉም።

ካፒቴኗ በጀልባዋ የኋላ ጫፍ ተቀምጠው ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። እኔ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ሦስታችንን ሲያዩ እንግዳ ያመጣሁ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ዝም ሲሉብኝ እኔው ተናገርኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወንድምዎ ዐርፈዋል።»

አልጮሁም። «ማን ነገረህ?» አሉ። ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ሰዓቱንም፣ ሳላነሣ የቀረሁትንም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው ያወሩት። ብዙም አላወሩም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማታ ነው የሞተው» አሉ። «ምስሩን ስበላ በሕይወት ነበር። ስልኩን ትራሱ ላይ አድርገውለት፣ ደወለች ወይ፣ ደወለች ወይ ይል ነበር።»

ዳቦ ሻጯ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ብለው አማተቡ።

«ስስቅ ታየኝ ነበር?» አሉ ካፒቴኗ።

«አዎ።»

«ስትጨምርልኝ፣ ሞቷል ብለህ ነው የጨመርክልኝ?»

«አዎ» አልኩ።

በዚያው ቀን አውሮፕላን ፈልገው ሄዱ። ጀልባዋን ለአዛውንቱ አደራ ሰጡ፤ የእኔንም የመመለሻ ትኬት ሳይረሱ ቆርጠውልኛል። «ክፋት እንዳልነበረብህ አውቃለሁ» አሉኝ ሲለዩኝ። «ግን ፊትህን ማየት አልችልም።» ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። መልስ አልመጣም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ሰው። እኔ የአገሬን ሰርዶ ተሸክሜ ባሕር ተሻገርኩ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡኝና «ደግ አረግህ ልጄ» አሉ። «በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። እሷ ሴትዮ የሚያዝንላት ሰው አጠገቧ ማግኘቷ ዕድሏ ነው።» የሚቆጣኝ ሰው ፈልጌ ነበር የነገርኳቸው። ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ፤ እሳቸውም ይህ ኃጢአት አይደለም ብለው አሰናበቱኝ። አገር ሁሉ የሚያመሰግንህ ጥፋት ክፉ ነው፤ የምታስቀምጥበት ቦታ የለውም።

አምና በፍልሰታ ጾም አባቴ ወደቁ። እህቴ ኮን ከተማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ብትነሣ ለምሳ እዚህ ናት። እናቴ «እንዳታስደነግጣት፤ ትንሽ አሟቸዋል በላት» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ደውዬ «አባባ በሕይወት አሉ፤ እየሞቱ ነው። ዛሬውኑ ነይ» አልኳት።

እህቴ ጮኸች። «መቼ ነው የቀበራችኋቸው?» አለች። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። እንግዲያውስ ራሳቸውን ታናግር ብዬ ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ለቅሶዋን ሰሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያልሰማሁትን ጥርት ያለ ድምፅ አወጡ። «ደህና ነኝ እኮ ልጄ» አሏት። «ብርድ ነው። ሥራሽን እንዳትተዪ፤ ቅዳሜ ትመጫለሽ።»

ስልኩን ወስጄ ውሸት ነው ልላት ነበር። አባቴ እጄን ያዙ። በዓይናቸው ለመኑኝ፤ እኔም ተውኩት።

ሐሙስ ሲነጋ ዐረፉ። እህቴ ልቧ አላስችል ብሏት ቅዳሜን ሳትጠብቅ በዚያው ጠዋት ተነሥታ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ሳለች ደወለችልን፤ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳት። ሁለት ጎረቤቶቻችን ተከትለውኝ መጥተው ራቅ ብለው ቆመዋል። ለአባቴ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ከመኪናው ወረደች።

«እንዴት አደሩልኝ?» አለችኝ።

ፌስታሉን ተቀበልኳት። የምላትን አውቅ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስለው ነው የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ።

«ቁርስ ቀምሰሻል?» አልኳት።