የእናቴ የነፋስ ማማ

የራሰ ጆንያ በሸተተኝ ቁጥር፣ በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍተው፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር።

ግንቦት ሲገባ ከቆርቆሮው ሥር መቀመጥ ስለማይቻል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ደጅ ይውል ነበር፤ እናቴ ዘሃራ ግን ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ ሻሿን ፈትታ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ስታይ ትውል ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ቤት ግን በከሰል መሬት ላይ ትስል ነበር። በዚያው ወር ጭቃ አቡክታ፣ ከጓሮው ግድግዳ ጋር አያይዛ፣ ከጣሪያው በላይ የሚዘልቅ፣ አፉን ወደ ነፋሱ የከፈተ ማማ ሠራች። አፉ ላይ የራሰ ጆንያ ስትሰቅልበት፣ ነፋሱ በጆንያው አልፎ፣ ቀዝቅዞ፣ ወደ ክፍላችንና ወደ ሱቁ ይወርድ ነበር።

የትምህርት ቤት ልጆች «ጣሪያ ላይ የምትወጣዋ እብድ እናትሽ ናት አይደል?» ሲሉኝ፣ ከእነሱ ጋር ላለመሄድ ዙሪያ ጥምጥም እመለስ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ጥጥ ለቀማ ሲጀመር፣ ከመንግሥት እርሻ የመጣ አንድ መሐንዲስ ለስላሳ ሊጠጣ ሱቃችን ገባና፣ ቅዝቃዜው ገርሞት፣ ነፋሱ ወደሚወርድበት ቀና ብሎ አየ።

«ይህን ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

እናቴ ዝናብ የሸረሸረውን ማማ ስትጠግን ቆይታ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነች በጓሮ በር ገብታ ቆማለች። እንዳይስቅብን ፈርቼ «አባባ ነው» አልኩት።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መሐንዲሱ ግን እጁን ጨብጦ «እርስዎማ ትልቅ አርክቴክት ነዎት!» ሲለው ፈገግ ብሎ እጁን አጥብቆ ጨበጠው። እናቴ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

አባቴ እርሻው ውስጥ የሠራተኞች ቤት አሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ማታ ማታ እራት ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘሃራ፣ አፉ ስንት ክንድ ይሁን?» ይላት ነበር።

«ሁለት ክንድ፤ ካነሰ ነፋሱ ይታፈናል» ትለዋለች፤ ጠዋት ያንኑ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ጣሪያ ላይ ስትወጣ አይቻት አላውቅም።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው፤ ለቅሶውን ሰመራ፣ እኔ ቤት ተቀመጥን። አንድ የእርሻው ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ «ልጆቼ ከሙቀት የተረፉት እሱ በሠራው ቤት ነው፤ አላህ ጀነትን ይወፍቀው» ሲሉ፣ እናቴ ከሁሉም ቀድማ «አሚን» አለች።

መሐንዲሱን «አባባ ነው» ስለው አሥር ዓመቴ ነበር፤ አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ለቅሶው ላይ እውነቱን ብናገር የሚስቅብኝ አልነበረም፤ አሁንም ዝም አልኩ።