የአባዬ ከንፈርና ሁለቱ መስታወቶች

አባዬን «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ሱቁ ሲዘረፍም፣ ጥርሱ ሲነቀልም መልሱ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይባረክ!» ሆስፒታል ደግሞ ስሙ ሲነሳ ይፈራል፤ በኮሮና ጊዜ «የገባ አይወጣም» ይል ነበር። እሱም ታሞ በስደት አገር፣ ሜይፌር ሰፈር በምንከራየው አሮጌ ቤት የጓሮ ክፍል ብቻውን ሲቀመጥ፣ እኔና እማዬ ውጭ ቆመን በመስኮቱ ፊቱን እናይ ነበር። ሐኪሙ በስልክ «ከንፈሩ ከጠቆረ ቶሎ አምጡት» ብሎናል።

ክፍሉ ቮስሎሩስ ሰፈር ላለው፣ ስፓዛ ለሚሉት ትንሽ የሸቀጥ ሱቃችን የዕቃ ማስቀመጫ ስለነበር፣ መስኮቱን ለዓመታት የሳሙና ካርቶን ጋርዶት ኖሯል። አንድ ጠዋት እማዬ «በኢየሱስ ስም! ከንፈሩ ወይን ጠጅ ሆነ!» ብላ ጮኸች። አምቡላንስ ልጠራ ስል አባዬ ወንበሩን ወደ ጎን ሳብ አደረገ፤ ጉድ እኮ ነው፣ ከንፈሩ ደህና ሆነ!

ለካ መስኮቱ ላይ ያሉት ሁለት መስታወቶች አይመሳሰሉም። አንዱ አሮጌ ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ሌላው ተሰብሮ የተተካ፣ ጥርት ያለ። እኔ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይበላልኝም፤ ስልኬን ስጎረጉር ዋልኩ። አሸዋ ውስጥ ያለ ብረት መስታወትን አረንጓዴ ያስመስለዋል። የድሮ ፋብሪካዎች ያንን ለማጥፋት ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ይጨምሩ ነበር። ሲሠራ ንጹህ ነው፤ ፀሐይ ዘመኑን ሙሉ ሲመታው ግን ወይን ጠጅ ይሆናል። ኋላ ቅመሙን ቀየሩት። በአንድ መስኮት ሁለት ዘመን! ደስ ብሎኝ ለአባዬ ከውጭ ጮክ ብዬ አስረዳሁት።

«አይ ልጄ! እኔ ታምሜ አንቺ መስታወት ትመረምሪያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ከአሮጌው መስታወት ኋላ ተከለው። «ለወገቤ ይመቸኛል» አለ። እማዬ «መስታወቱ ነው» እያለች ተጽናናች። እኔን ግን ከነከነኝ።

«አባዬ፣ እስቲ ወደ አዲሱ ና።»

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይባረክ!»

«ና አልኩህ!»

ግድግዳውን ይዞ፣ ቆም እያለ መጣ። በጠራው መስታወትም ከንፈሩ ያው ወይን ጠጅ ነበር። ለካ ወገቡ አልነበረም!

ሆስፒታል ገባ፤ ኦክስጅን ተሰጥቶት፣ ተመስገን፣ ወጣ። ዛሬም እዚያ ክፍል መቀመጥ ይወዳል። ከጓሮ ሆኜ «እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና…» ብሎ ይጀምርና ወንበሩን ወደ አዲሱ መስታወት ስቦ ይቀመጥልኛል።