«መጣሁ» ብሎ መሄድ

«ሂድ አልኩህ እኮ። ምን ይገትርሃል?» ትለኛለች ባለቤቴ ስንዱ፤ በሁለት እጇ ግን ሸሚዜን ጨምድዳ ይዛለች።

«እንግዲያው ልቀቂኝ።»

«አየህ? መሄዱን ፈልገኸዋል።»

ከተጋባን ሦስተኛ ወራችን ነበር። የጠቡ መነሻ በረዶ ነው። አሰብ ውስጥ በቀትር ቢሮው ሁሉ ይዘጋል፤ እኔም በረዶ ልገዛ «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የደሴ ሾፌር አገኘሁና እሱ የአገር ወሬ፣ እኔ ግጥሜን ስንለዋወጥ ሁለት ሰዓት አለፈ። በረዶው ቀልጦ ባዶ ጆንያ ይዤ ተመለስኩ። የግጥም ደብተሬ በስፌት መቀሷ ተከታትፎ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ጠዋት «ካንተ በላይ ሰው የለኝም» ያለችኝ እሷው ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ቁርጥራጩን እያለቀሰች በዱቄት ሙጫ ታጣብቅልኝ ነበር።

ቅናት መሰለኝ። የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ግን እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በእሷ ዓይን ጠዋት መልአክ፣ ቀትር ላይ እባብ ሆንኩ። ምን እንዳጠፋሁ ስፈልግ ደከምኩ። የወደብ ጸሐፊ ነኝ፤ መርከብ መልሕቁን ባነሣ ቁጥር ልቤ አብሮ ይነሣል። የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ በኪሴ ይዤ እዞር ጀመር።

ስንዱ ከኪሴ አገኘችው። ከሥራ ስመለስ ክንዷን ራሷ ቆርጣ ደም በደም ሆና አገኘኋት። በፎጣ አሰርኩት። ተሸክሜያት ወጣሁ። ተረፈች።

ጎረቤት ዛር ነው አለ። ቁስሏን የሰፋው ሐኪም ግን አዲስ አበባ ወዳለ የአእምሮ ሐኪም ላከን። በከባድ መኪና ጋቢና ሄድን። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ብዙ ካነጋገረ በኋላ እኔን ጠራኝ።

«ቦርደርላይን የሚባል የጠባይ ሕመም ነው፤ ድንበር ላይ እንደ መቆም በለው። አትጠላህም። እንዳትተዋት ትፈራለች። የምትናገረው ሁሉ እውነት ላይሆን ይችላል፤ የሚሰማት ግን እውነት ነው። የማትፈጽመውን ቃል አትስጣት።»

«መድኃኒቱስ?»

«እንቅልፍ የሚሰጣት አለ። ይህን የሚነቅል ክኒን ግን የለኝም።»

ቃል ሰጥቼ አላውቅም ብዬ በልቤ ተከራከርኩት። የገባኝ አሰብ ተመልሰን፣ የበይሉል ተወላጅ የሆነችው አፋሯ ጎረቤታችን ፋጡማ ልትጠይቀን በመጣች ቀን ነው። ሲጋራ ልገዛ «መጣሁ» ብዬ ስነሣ ሳቀችብኝ።

«እናንተ ደገኞች ስትሄዱ ‹መጣሁ› ትላላችሁ። የመጣ ሰው ጀርባውን ነው እንዴ የሚያሳየው? አማርኛ ስማር ያሳበደችኝ ይህች ቃል ናት። አንተ ደግሞ ገጣሚ ነኝ ትላለህ።»

ስንዱም ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በቀን አሥር ጊዜ የምሰጣትንና አሥር ጊዜ የማጥፍባትን ቃል ያን ዕለት ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ሳልናገር «መጣሁ» አልልም፤ በአሥር ካልኩ፣ የወደቡ ወሬ ምንም ቢጥም፣ በአሥር እቤቴ ነኝ። ማመልከቻውንም ቀደድኩት። ሕመሙ አልጠፋም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የነበረው ማዕበል በወር አንዴ እየሆነ፣ እሷም ሲመጣባት አስቀድማ «ዛሬ ፈራሁ» ማለትን እየተማረች፣ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስፌት እስከማስተማር ደረሰች።

ሐኪሙንና ፋጡማን አመሰግናለሁ። ከሁላችንም በላይ የደከመችው ግን ስንዱ ናት። እንደኔ በዚህ ሕመም የምትሠቃይ ሚስት ያለችህ አንባቢ፣ ስትነድ አትከራከራት። ምላጭ ካጠገቧ አርቅ፤ ልሙት ካለች ሐኪም ጋ ለመሄድ አታመንታ። ሁሉ ያንተ ጥፋት ነው ብለህም አትመን። አየር ሲያጥርህ ውጣ፤ የምትመለስበትን ሰዓት ግን ነግረሃት ውጣ።

ትናንት በአንዲት ብርጭቆ ተጨቃጨቅን። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ተነሥታ ነጠላዋን አነሣች። በጠብ መሃል ስትወጣ ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። እጄ ነጠላዋን ሊጨብጥ ተዘረጋ፤ መለስኩት።

«ፋጡማ ጋ ነኝ» አለች። «በአሥራ አንድ ሰዓት መጣሁ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።