የመሪጌታ ትንፋሽ

ፍቅርተ በአባቷ መማረር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። መሪጌታ ንዋይ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለች ደብር ዜማ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ልባቸው ድንገት ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ራስ ምታት ይፈልጣቸዋል።

«ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን እንኳ ልጃቸው ካልቆመችባቸው አይውጡም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ከኩላሊታቸው በላይ ባለችው ዕጢ ላይ ዕብጠት እንደጠረጠረ ለፍቅርተ ነገራት። በኤምአርአይ ማንሻ መሣሪያ ቦታው ጥርት ብሎ ካልታየ ቀዶ ሕክምና የለም፤ ከዘገየም አንድ ቀን ግፊቱ ይገድላቸዋል።

ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። ሐሙሲት ሲደርሱ አመማቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱም። ሆስፒታል ሲደርሱ መስቀላቸውንና ክታባቸውን ለማስወለቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ጠባቡ መሣሪያ ውስጥ ከገቡ በኋላ ባለሙያው ደረጄ በማይክሮፎን «ትንፋሽ ይያዙ» አላቸው። እሳቸው ያጉተመትማሉ። ሆዳቸው ተንቀሳቀሰና ምስሉ ደበዘዘ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል?» አለች ፍቅርተ ማይክሮፎኑን ተቀብላ።

«ዳዊቴን ነዋ! የዛሬውን ድርሻ መንገድ ላይ አመመኝና ሳልደግም ቀረሁ። አርባ ዓመት አጓድዬ አላውቅም። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሳላደርሰው ብሞትስ?»

«ሌላ ተረኛ እየጠበቀ ነው» አለ ደረጄ። «አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ።»

ፍቅርተ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። «አባባ፣ አንቱ ዝም ይበሉ! ድርሻዎን እኔ እደግምልዎታለሁ።»

ሲያጉተመትሙ የሰማችውን ይዛ ካቆሙበት ቀጠለች። በግዕዝ፣ በቃሏ፣ ቃል ሳትስት። እሳቸው ጸጥ አሉ። ደረጄ በየመሀሉ «አሁን ይያዙ» ሲላቸው ያዙ፤ እንደ እሳቸው ትንፋሽ የሚይዝ ሰው አይቶ አያውቅም።

ምስሉ ጠራ። የሆስፒታሉ ሐኪም በግራ ኩላሊታቸው አናት ላይ ያለውን ዕብጠት አሳያቸው። አልተዛመተም፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አላቸው። መሪጌታ ግን ወደ ስክሪኑ ዘወር ብለው እንኳ አላዩም።

«አንቺ፣ ዳዊቱን ማን አስተማረሽ?»

«በስመ አብ! ይድናሉ እየተባሉ የሚጠይቁት ይሄን ነው?» ጮኸች። «አንቱ ነዎታ! ወንዶቹን ተማሪዎች ቤት አስገብተው ሲያስተምሩ፣ እኔ ከደጅ ቆሜ ስሰማ አላደግሁም?»

መሪጌታ ንዋይ ከተቀመጡበት ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።